ግልባጭ ለመዝገብ ቤት

ሰኔ 23፣ 2017፣ ሰኞ

ኤልያቄም ዛሬ ለቀቀ። ባንክ ገብቷል፣ እግዚአብሔር ይርዳው። የፋብሪካውን የኮምፒውተር ነገር ሁሉ ብቻውን ይዞት የነበረው እሱ ነው። አዲስ ሰው እስኪቀጠር ኢሜይሉን እኔ እንድይዘው ተወሰነ። የወሰኑት ወ/ሮ ትሕትና ናቸው፣ የአስተዳደር ኃላፊያችን። «አቶ እስጢፋኖስ፣ አስራ ዘጠኝ ዓመት መዝገብ ቤት ሠርተዋል፤ ደብዳቤ ያው ደብዳቤ ነው» አሉኝ። አስራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ የቆምኩ ሰው ነኝ። ነገርኳቸው። «አውቃለሁ» አሉ።

የተረከብኩት፦
1. የሰርቨር ክፍል ቁልፍ፣ ሁለት
2. ሰርቨር፣ አንድ (የቤታችንን ምድጃ ታክላለች፣ ድምጿ ግን የአውቶቡስ)
3. ውስጧ ያሉ 214 የኢሜይል ሳጥኖች። ኤልያቄም «አካውንት» ይላል፤ ለእኔ ሳጥን ነው
4. ኤሲ፣ አንድ። ያንጠባጥባል፣ ባልዲ አለው
5. አሠራሩ የተጻፈበት ወረቀት፣ አንድ ገጽ

አንድ ገጽ! ቱቦ ነው የምናመርተው፣ የቱቦ ክምችት መመሪያችን እንኳ አርባ ገጽ ነው።

ቤት ገብቼ ለልጄ ለምስጢር ነገርኳት። «አባዬ፣ አንተ? ስልክህን አፕዴት ለማድረግ እኮ እኔን ነው የምትጠራው» ብላ ሳቀች። እናቷ ተቆጣቻት። ልጅቷ ግን እውነቷን ነው።

ሰኔ 26፣ ሐሙስ

ኤልያቄም በስልክ እየመራኝ አንድ ጥቁር መስኮት ከፈትኩ። ነጭ ጽሑፍ ወደ ላይ ይሮጣል። እያንዳንዱ መስመር አንድ ደብዳቤ ነው፤ ከማን፣ ለማን፣ በስንት ሰዓት። ቆሜ ቀረሁ። ሻዬ ቀዘቀዘ።

መዝገብ ቤት በቀን አርባ ደብዳቤ ከገባ «ዛሬ ምን መጣብን» እንባባል ነበር። ዛሬ እስከ ምሳ 3,812። ከቻይና የጥሬ ዕቃ ሰው፣ ከሞጆ ደረቅ ወደብ፣ ከሐዋሳ ደንበኛ። ማንም አያቀብልም፣ ማንም አይፈርምም፣ አንዱም ቤት አይሳሳትም። ጠዋት ሁለት ተኩል ላይ ሠራተኛው ሁሉ ባንዴ ሳጥኑን ሲከፍት የጀሞ ታክሲ ሰልፍ ይመስላል፣ ልዩነቱ ማንም ማንንም አይገፋም።

ጌታ ሆይ፣ ይህን ሰው ነው የሠራው?

ገብረ መድኅን ትዝ አለኝ፣ የሺፍት ኃላፊያችን፣ አምና በጥር ታሞ ያረፈው። ኢሜይል ሲልክ እንደ ወረቀት ደብዳቤ ከታች «ግልባጭ፦ ለመዝገብ ቤት» ብሎ ይጽፍ ነበር። ወጣቶቹ ይስቁበት ነበር። ምሳ ላይ «እስጢፍ፣ ይደርስሃል አይደል?» ይለኛል። «ይደርሰኛል» እለዋለሁ። ከዚያ ሽሮአችንን እንበላለን።

ሐምሌ 2፣ ረቡዕ

ችኮላ። ዲስኩ 94 ከመቶ ሞልቷል። መቶ ከደረሰ ደብዳቤ አይገባም፣ አይወጣም። የሽያጭ ክፍል በሩ ላይ ቆሞ ይጮሃል።

ወ/ሮ ትሕትና ዝርዝር ሰጡኝ፣ 31 ስም። ሥራ የለቀቁ፣ ጡረታ የወጡ፣ ያረፈ አንድ። «እስከ መስከረም 30 ይቆዩ፣ የሚፈልግ የሚፈልገውን ይውሰድ፣ ከዚያ ይዘጉ።»

በኤልያቄም ወረቀት መሠረት፦ ሳጥኑን ክፈት። የመዝጊያ ቀን ጻፍ። አስቀምጥ። ቀኑ ሲደርስ ሰርቨሯ ራሷ ታጠፋዋለች።

ጻፍኩ። 30/01/2018። በእያንዳንዱ ላይ ቀይ ጽሑፍ በእንግሊዝኛ ይወጣል፤ «እርግጠኛ ነህ ወይ» ነው መሰለኝ። አዎ አልኩ። 31 ጊዜ አዎ። በዝርዝሩም ላይ 31 ጊዜ ምልክት አደረግኩ።

ሐምሌ 3፣ ሐሙስ

ተአምር ነው። 94 የነበረው አድሮ 61 ሆኗል! የትናንቱ ገና ለመስከረም ነው፤ ታዲያ ምን እንዳቀለላት አላወቅኩም። አልጠየቅኩምም። ወ/ሮ ትሕትና ኮሪደር ላይ ሰው ሁሉ እየሰማ «እንኳን ለእርስዎ ሰጠሁት» አሉኝ። አስራ ዘጠኝ ዓመት ሠርቼ ኮሪደር ላይ ተመስግኜ አላውቅም።

ስመለስ ለምስጢር ሙዝ ገዛሁ።

ሐምሌ 12፣ ቅዳሜ

ዝናብ። ላፍቶ ካለው ፋብሪካ ጀሞ ቤቴ ለመድረስ አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀብኝ።

የሚያሳስቡኝ፦
1. የምስጢር የአስራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት
2. ባልዲው። እሁድ ማን ይደፋዋል?
3. አዲስ የአይቲ ሰው ከተቀጠረ እኔ ወዴት? መዝገብ ቤቱን ግማሹን የዕቃ ማስቀመጫ አድርገውታል
4. ያ ቀይ ጽሑፍ

አራተኛውን ለምን እንደጻፍኩት እንጃ።

ሐምሌ 21፣ ሰኞ

ገዲሴ መጣች። የለቡ ልጅ ናት። ቤተሰቦቿ ከአዲሶቹ ሕንጻዎች ጀርባ በቀረቻቸው መሬት ላይ እስካሁን ድንችና ጎመን ያለማሉ። እኛ ጋ መቁረጫ ማሽን ላይ ነበር የምትሠራው። ቀኝ እጇን በነጠላዋ ጫፍ ሸፍና ገባች። ሦስት ጣት የለም።

የደረሰባት ካቻምና ግንቦት 12 ነው፣ ቅዳሜ ከሰዓት። ፋብሪካው የሚለው፦ ቅዳሜ ከሰዓት ፈረቃዋ አልነበረም፣ በራሷ ፈቃድ ነው የገባችው፣ ማህደሯ ውስጥም የአደጋ ሪፖርት የለም፤ ስለዚህ የሥራ አደጋ አይደለም። ነሐሴ 20 የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ቦርድ ፊት ቀጠሮ አላት። እዚያ ካላስረዳች ካሳም የለ፣ ቀላል ሥራ ላይ መመለስም የለ።

«ጋሽ ገብረ መድኅን ነው በስልክ ያስጠራኝ» አለች። «ክሊኒክ ድረስ መጥቶ ‹በኢሜይል ጽፌያለሁ፣ አትስጊ› ብሎኛል። ያኔ የነበሩት የአስተዳደር ኃላፊ አሁን የሉም። እሱም የለም። ኢሜይሉ ግን አለ አይደል ጋሼ? እሱ አይሞትም ይላሉ።»

«አለ» አልኳት። «ቁጭ በይ፣ አሁን አወጣልሻለሁ።»

በልበ ሙሉነት ነው ያልኩት። ልታየኝም ፈልጌ ነበር፣ መዝገብ ቤት ያለው እስጢፋኖስ ይሄን ሲከፍት።

የገብረ መድኅንን ሳጥን ፈለግኩ። የለም። ሳጥኑ ራሱ የለም። የቀድሞውን ኃላፊ ፈለግኩ። የለም። ዝርዝሬን አወጣሁ። አንድ በአንድ። የለም፣ የለም፣ የለም። ሠላሳ አንድ።

«ምነው ጋሼ?»

«መስመሩ ተጨናንቆ ነው። ነገ ነይ።»

«እሺ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብላ በግራ እጇ ጨበጠችኝ።

ሐምሌ 22፣ ማክሰኞ

ኤልያቄም ስልክ።

«ቀኑን ምን ብለው ነው ያስገቡት ጋሼ?»

«መስከረም 30፣ 2018።»

ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ዋጠው። «ጋሼ፣ እሷ እኮ በፈረንጅ ነው የምትቆጥረው። 2018 ለእሷ ካለፈ ሰባት ዓመቱ ነው። ‹ይሄ ቀን አልፏል፣ ዛሬ ማታ ይጠፋል፣ እርግጠኛ ነህ?› ብላዎታለች እኮ!»

«መጠባበቂያ ቅጂው?»

«አስራ አራት ቀን ነው የሚቆየው። መቼ ነበር?»

«ሐምሌ ሁለት።»

«ዛሬ ሃያ ሁለት ነው» አለ፣ በጣም ቀስ ብሎ።

እንዴት ያለች ታዛዥ ናት። ያልኳትን አደረገች፣ አንድ ሳጥን አላስቀረችም። አሰላሁት፦ በወረቀት ቢሆን ሰባት ቁምሳጥን ነው። ሰባት ቁምሳጥን ወረቀት ቢቃጠል ጭሱ ከላፍቶ ጀሞ ድረስ ይታያል፣ ሰፈር ይጮሃል፣ እሳት አደጋ ይጠራል። እኔ ግን በጣቴ ነካሁ፣ ታክሲ ተሳፈርኩ፣ ቤቴ ገብቼ ተኛሁ። በማግስቱ ተመሰገንኩ።

ሙዙ ትዝ አለኝ።

ሐምሌ 23፣ ረቡዕ

ወ/ሮ ትሕትና አስጠሩኝ።

«ገዲሴ መጥታ ነበር አሉ። የምትለው ደብዳቤ አለ?»

«የለም።»

«ድሮም አልነበረም ማለት ነው። እርስዎ የነካኩት ነገር የለም አይደል?»

«የለም።»

«ጥሩ። ይህንኑ በጽሑፍ ይስጡኝ፣ ለጠበቃው።»

ክፉ ሴት አይደሉም። ፋብሪካው የገቡት አደጋው ከደረሰ በኋላ ነው፤ የማያውቁትን ነው የሚናገሩት። የማውቀው እኔ ነኝ።

ወረቀቱን ገና አልጻፍኩም። «ነገ» አልኳቸው። ገዲሴ ደወለች፣ «ነገ» አልኳት።

ሐምሌ 27፣ እሁድ

ቸርች። መዘምራኑ ሲዘምሩ አፌን ብቻ አንቀሳቀስኩ። ሣራ አየችኝ። «ምን ሆነሃል?» «ኤሲው ነው፣ ብርድ መታኝ።» ሚስቴ ናት፣ ሃያ ዓመት ታውቀኛለች፤ እጇን ግንባሬ ላይ አደረገች።

ነሐሴ 1፣ ሐሙስ

«ነገ» ያልኩት፦ ለገዲሴ አምስት ጊዜ። ለወ/ሮ ትሕትና ሦስት ጊዜ። ለራሴ አልቆጠርኩም።

ምስጢር እራት ላይ «አባዬ፣ ጠፍቶ የማይገኝ ኢሜይል አለ እንዴ?» አለችኝ። ስልክ ሳወራ ሰምታኛለች። «ብዪ» አልኳት።

ነሐሴ 6፣ ማክሰኞ

ሌላ ስህተት እንዳይኖር ብዬ የቀሩትን ሳጥኖች ከሠራተኛ ዝርዝር ጋር አመሳከርኩ። 214 ሲቀነስ 31፣ 183። ሳጥን ያላቸው ሰዎችና ክፍሎች 182። ባለቤት የሌለው አንድ።

ስሙ «መዝገብ» ይላል። የተከፈተው በ2008 በእኛ (አሁን ኮምፒውተሩ ላይ የዘመን መቀየሪያ ሠንጠረዥ ለጥፌያለሁ)። ለመጨረሻ ጊዜ የታየው፦ ታይቶ አያውቅም። ያልተነበበ፦ 11,406።

ባለቤቱን አውቀዋለሁ።

እዚህ ደብተር ላይ እንኳ ካልጻፍኩት የት ልጽፈው ነው። በ2008 ኢሜይል ሲገባ ለየክፍሉ ሳጥን ተከፈተ። ፓስዎርዱን በታሸገ ፖስታ ሰጡን። ሥልጠናው ቀን ምስጢር ትኩሳት ይዟት ቀረሁ። በማግስቱ መጠየቅ ነበረብኝ። አፈርኩ። ሁሉም የሚያውቀውን ነገር እንዴት ልጠይቅ? በወሩ ደግሞ ወር ሙሉ ምን ስትሠራ ነበር እባላለሁ። በዓመቱ ዓመት ሙሉ። ሰው ዋና ዋናውን ደብዳቤ በወረቀትም ስለሚያመጣው ማንም አላወቀብኝም። ዘጠኝ ዓመት።

ፖስታው መሳቢያዬ ውስጥ ከማህተሙ ቀለም ሥር አለ። እንደታሸገ ነው።

ነሐሴ 7፣ ረቡዕ

ማልጄ ገባሁ። ገና አንድ ሰዓት አልሞላም፣ የፅዳት ሠራተኞቹ ኮሪደሩን ይወለውላሉ። ፖስታውን ቀደድኩ። ብጣሽ ወረቀት፣ ዘጠኝ ፊደልና ቁጥር። በአንድ ጣት እየቆጠርኩ ጻፍኩት።

ተቀበለችኝ። ዘጠኝ ዓመት በር ላይ አቁሜያት «ማነህ?» እንኳ አላለችኝም። ከፈተችልኝ።

እንዴት ብዬ ልግለጸው። 11,406 ደብዳቤ ከላይ እስከ ታች በጥቁር ደማቅ፣ ሁሉም «ለመዝገብ ቤት»። አንዱም አልሰለቸው፣ አንዱም አልተመለሰ። የወለዱ፣ የተዛወሩ፣ የታመሙ፣ የተሾሙ። ለአቶ ለሜሳ የሐዘን መግለጫ። የማሽን ግዢ። ሁሉም እየመጣ በዚያች ምድጃ በምታክል ብረት ውስጥ ቁጭ ብሎ እኔን ሲጠብቅ ኖሯል። እኔ ደግሞ ከግድግዳው ወዲህ ተቀምጬ ወረቀት እበሳለሁ።

ከገብረ መድኅን ብቻ 640። ከሥራው መሐል ለበዓል የጻፋት አለች፦ «እስጢፍ እንኳን አደረሰህ። መልስ ባትጽፍልኝም መድረሱን ነግረኸኛል፣ ይበቃኛል።» እሷ ላይ ትንሽ ቆየሁ። መነጽሬን ጠረግኩ።

ከዚያ ግንቦት 12ን በሠንጠረዡ ቀይሬ ፈለግኩ። አለ።

«ለአስተዳደር ኃላፊ። ጉዳዩ፦ በሥራ ላይ ስለደረሰ አደጋ። ዛሬ ቅዳሜ ከቀኑ 9፡20 ሠራተኛችን ገዲሴ በሦስት ቁጥር መቁረጫ ማሽን ላይ ሳለች የቀኝ እጇ ሦስት ጣቶች ተቆርጠዋል። ፈረቃዋ አልነበረም፤ ትዕዛዝ ስለበዛ በስልክ ያስጠራኋት እኔ ነኝ። የማሽኑ መከላከያ መውለቁን ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ አመልክቻለሁ። ግልባጭ፦ ለመዝገብ ቤት። እስጢፍ፣ ይህቺን ፕሪንት አድርገህ ማህደሯ ውስጥ አስገባልኝ። አደራ።»

አደራ ይላል።

ከዚያ ቅዳሜ ቀጥሎ በመጣው ሰኞ ምሳ ላይ «ደረሰህ?» ብሎኛል። አስታውሳለሁ፣ ዝናብ ነበር። «ደረሰኝ» አልኩት። እፎይ ብሎ በላ። እኔን አምኖ ነው በወረቀትም ያላመጣው። ገዲሴ ሁለት ዓመት የተንከራተተችው ሐምሌ ላይ ቀን ስለተሳሳትኩ ብቻ አይደለም። ከዚያ በፊት ነው።

ነሐሴ 8፣ ሐሙስ

ፕሪንት አደረግኩ። የገቢ ቁጥር ሰጠሁት፣ ማህተም መታሁ፣ ማህደሯ ውስጥ አስገባሁ። ከዚያ በሕይወቴ የመጀመሪያውን ኢሜይል ከመዝገብ ቤት ሳጥን ጻፍኩ። በሁለት ጣት አርባ ደቂቃ፦

«ለአስተዳደር መምሪያ። ጉዳዩ፦ ስለተገኘ የአደጋ ሪፖርት እና ስለ ስህተቴ።
1. ሪፖርቱ ተያይዟል።
2. ቀን በእኛ አቆጣጠር አስገብቼ የ31 ሰው ሳጥን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ሲጠይቁኝ የነካሁት የለም ያልኩት ውሸት ነው።
3. ይህን ሳጥን ዘጠኝ ዓመት ያልከፈትኩት እኔ ነኝ።
ግልባጭ፦ ለዋና ሥራ አስኪያጅ፣ ለጠበቃው፣ ለወ/ሮ ገዲሴ (በእጅ)፣ ለመዝገብ ቤት።»

ላክሁት። ጥቁሩን መስኮት ከፍቼ አየሁ። መስመሯ ብቅ አለች፣ ወደ ላይ ሮጠች፣ ሄደች። የእኔ።

ወ/ሮ ትሕትና ወዲያው አስጠሩኝ። «አቶ እስጢፋኖስ፣ ምነው መጀመሪያ ለእኔ ቢነግሩኝ?»

«ከነገርኩዎት ‹ነገ› እላለሁ» አልኳቸው።

«ይውጡ» አሉ። ክፉ አነጋገር አልነበረም። ጥሩም አልነበረም።

ለሣራ ሁሉንም ነገርኳት። «ከሥራ ያስወጡሃል?» አለች። «እንጃ።» «እሺ» አለችና እራት አቀረበች።

ነሐሴ 21፣ ረቡዕ

ትናንት ቦርድ ፊት ቀረብኩ፣ ምስክር ሆኜ። የገዲሴ አባት ከለቡ መጥተው ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፣ ዱላቸውን ጉልበታቸው መሐል ይዘው።

የፋብሪካው ጠበቃ አዋቂ ሰው ነው። «ኢሜይል በኋላ ሊጻፍ ይችላል። ጸሐፊው በሕይወት የለም። ይህ ሳጥን ውስጥ ማን ማን ይገባል?» አለኝ።

«ማንም።»

«ማንም ማለት?»

«ከተከፈተበት ቀን እስከ ነሐሴ 7 ድረስ አንድም ሰው አልገባበትም። ሰርቨሯ የገባ የወጣውን ትመዘግባለች፣ ዝርዝሩ እጃችሁ ላይ ነው። መግባት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። አልቻልኩበትም፣ መጠየቅም አፈርኩ። ዘጠኝ ዓመት ማንም አልነካውም።»

ሰብሳቢዋ ዝርዝሩን ገለጡ፣ መነጽራቸውን አወጡ፣ መልሰው አደረጉ። «ስለዚህ እንደታሸገ ነው የቆየው» አሉ። «አዎ» አልኩ። ያፈርኩበት ነገር ገዲሴን እጇን ይዞ አቆማት። እስካሁን ሳስበው ይገርመኛል።

የሥራ አደጋ ነው ተብሎ ተወሰነ። ቀላል ሥራ ላይ ትመለስ። የካሳው መጠንና የማሽኑ መከላከያ ነገር ለሌላ ቀጠሮ። ጠበቃው ይግባኝ እንላለን ብሏል።

በር ላይ ገዲሴ «ጋሼ፣ ሐምሌ ላይ ቢነግሩኝ ኖሮ እንቅልፍ እተኛ ነበር» አለችኝ። ሌላ አልጨመረችም። አባቷ ግን ዱላቸውን ወደ ግራ እጃቸው አዛውረው ጨበጡኝ።

ጳጉሜን 3፣ ሰኞ

አላባረሩኝም። አዲስ የአይቲ ሰው ይመጣል፣ ሴት ናት አሉ፣ ማርቲ የምትባል። እኔ ወደ መዝገብ ቤት።

ለገዲሴ የተገኘው ቀላል ሥራም መዝገብ ቤት ነው። ዛሬ ጀመረች። በግራ እጇ መጻፍ ለምዳለች፣ ፊደሏ ትልልቅ ነው። መጀመሪያ ያሳየኋት ሠንጠረዡን ነው፦ በእኛ፣ በእነሱ። ሁለተኛ ሳጥኑን።

«ይሄ ሁሉ የእርስዎ ነው?» አለች።

«የመዝገብ ቤት ነው። በቀን ሃያ ሃያ እያነበብን ማህደር ውስጥ እናስገባለን። ከጠፉት የ31 ሰዎች ደብዳቤዎች ግልባጭ ያላቸውን ማህደር ውስጥ እያስገባሁ ነው፣ እስካሁን 212። ሌላው ጠፍቷል።»

እያወራሁ ከላይ አንድ አዲስ መስመር በደማቅ ብቅ አለ። አንገቷን አስግጋ አነበበች፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። ሳቋን ለመያዝ ከንፈሯን ነክሳለች።

«ከአስተዳደር ነው። ‹ጉዳዩ፦ ለአቶ እስጢፋኖስ የተሰጠ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ። ግልባጭ፦ ለመዝገብ ቤት።› ነገ ይሁን ጋሼ?»

«አሁን» አልኳት። «ክፈቺው። ፕሪንት አድርጊው፣ ቁጥር ስጪው። ማህደሬ ሁለተኛው ቁምሳጥን ውስጥ ነው፣ በ‹እ› ሥር።»